ሁለት ክፍተት፣ ስድስት ሳምንት፦ በአንድ አፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቋሚ ጥርስ የተመረጠበት ጉዳይ

ታካሚዋ የ37 ዓመት ሴት ናት፤ ዱባይ ትሠራለች። አዲስ አበባ የመጣችው ለስድስት ሳምንት ዕረፍት ነው፤ ክሊኒክ የገባችው በገባች በሦስተኛው ቀን። ማንነቷን የሚያሳውቁ ነገሮች እዚህ ላይ ተለውጠዋል።

ሁለት ጥርስ የላትም። አንዱ ከታች በግራ በኩል የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ነው፤ ተበልቶ ከስድስት ዓመት በፊት ተነቅሏል። ሌላው ከላይ በቀኝ፣ በመሃለኛው የፊት ጥርስና በክራንቻው መካከል የሚገኘው ትንሹ ጥርስ ነው፤ ከ14 ወር በፊት ደረጃ ላይ ወድቃ ሥሩ ተሰብሮ ወጥቷል። ለፊተኛው ክፍተት የሚወልቅ የፕላስቲክ ጥርስ አሠርታለች። ላንቃዋን ስለሚሸፍን «ሰ» እና «ሸ» ስትል ያፏጫል። ስትስቅ የላይኛውን ከንፈሯን በጣቷ ትይዛለች። ስትበላ አውልቃ በሶፍት ትጠቀልለዋለች፤ አንድ ቀን ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ረስታው ከቆሻሻ መሃል ፈልጋ አውጥታዋለች። የጠየቀችው አጭር ነበር፦ «የማይወልቅ ይሁን፤ ከመሄዴ በፊት ይለቅልኝ።»

ቀደም ብላ ያማከረችው ቦታ በአሥር ቀን የሚያልቅ ዕቅድ ሰጥቷት ነበር፤ ለፊቱም ለኋላውም ብሪጅ። ብሪጅ ማለት ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ዙሪያቸውን ተሞርደው ክራውን (ጥርሱን እንደ ቆብ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ልባስ) የሚለብሱበት፣ የጎደለው ጥርስም በሁለቱ ክራውኖች መካከል ተያይዞ የሚንጠለጠልበት ሥራ ነው። በዚያ ዕቅድ አራት ጥርሶች ይሞረዳሉ፤ ስድስት ክራውን ይሠራል። ከአራቱ ሦስቱ ሙሌት እንኳ የሌላቸው ጤነኛ ጥርሶች ናቸው። ዕቅዱን እንድትወደው ያደረጋት ሌላም ነገር ነበር። ያደገችው በስምጥ ሸለቆ፣ ከስኳር ፋብሪካዎቹ በአንዱ አካባቢ ነው፤ ጥርሷ እንደ ብዙ የአካባቢው ልጆች በውኃው ፍሎራይድ ምክንያት ቡናማ ጥላና ነጭ ነጠብጣብ አለው። ክራውን ሲለብስ ቡናማው ይሸፈናል ተብላለች።

ቋሚ ጥርስ ሲመረጥ ሰው ሁሉ የሚያየው የጎደለውን ጥርስ ነው። መታየት ያለባቸው ግን ጎረቤቶቹ ናቸው፦ ግራና ቀኝ የቆሙት ጥርሶች፣ ፊት ለፊት የሚገጥማቸው ጥርስ፣ ከሥር ያለው አጥንት። የዚህች ሴት ሁለት ክፍተቶች በአንድ አፍ ውስጥ ሆነው መልሳቸው የተለያየው ለዚህ ነው።

ምርመራው ያሳየው

ስኳር የለባትም፤ አታጨስም፤ ለአጥንት የሚወሰድ መድኃኒት ወስዳ አታውቅም። ድዷ ጫፍ ጫፉ ላይ ይደማል፤ በታችኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ ጠንካራ ቆሻሻ አለ፤ አጥንቷ ግን አልወረደም። ጥርሷን የማፋጨት ምልክት የለባትም። ማፋጨት ቢኖር ኖሮ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንደገና ይታሰብ ነበር።

ከታች፣ ከክፍተቱ ኋላ ያለው ሁለተኛው መንጋጋ በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ ክፍተቱ 20 ዲግሪ ገደማ አጋድሏል። ጫፉ ላይ ትልቅ የብር ሙሌት አለው፤ የሙሌቱ ጠርዝ ተላቆ ከሥሩ መበላት ጀምሯል። ከፊት ያለው ትንሹ መንጋጋ ፍጹም ጤነኛ ነው። ከላይ የሚገጥመው መንጋጋ ደግሞ የሚነክሰው ስላጣ 1.5 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ወርዷል። የክፍተቱ ስፋት ከጥርስ እስከ ጥርስ 8.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተለካ፤ የመጀመሪያው መንጋጋ ብዙውን ጊዜ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ጠፍቷል። ሰዎች «ከኋላ ስለሆነ አይታይም» ብለው ዓመታት የሚያቆዩት ክፍተት ዝም ብሎ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። አንድ ጥርስ ሲነቀል ጎረቤቶቹና የሚገጥመው ጥርስ ቦታቸውን መልቀቅ ሊጀምሩ ይችላሉ።

የሲቲ ምስሉ (ለጥርስ ተብሎ የሚነሣው፣ አጥንቱን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው) በታችኛው ክፍተት የአጥንቱን ስፋት ከላይ ጫፉ ላይ 6.3 ሚሊ ሜትር፣ ከጫፉ እስከ ነርቩ ቦይ ያለውን ጥልቀት 14 ሚሊ ሜትር አሳየ። በላይኛው የፊት ክፍተት ግን አጥንቱ ከከንፈር በኩል ገብቷል፤ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሁለቱ ጎረቤት ጥርሶች መካከል ያለው ቦታም 6.1 ሚሊ ሜትር ነው። ተራ ራጅ ርዝመትን እንጂ ስፋትን አያሳይም፤ በተራ ራጅ ብቻ ቢታይ ሁለቱም ክፍተቶች ለኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ ለሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) የሚመቹ ይመስሉ ነበር።

የኋላው ክፍተት፦ ብሪጅ ወይስ ኢምፕላንት

ለብሪጁ የሚከራከር እውነተኛ ነጥብ አለ። የኋለኛው መንጋጋ ትልቅ ሙሌት ስላለው ውሎ አድሮ ክራውን መፈለጉ አይቀርም። ሁለቱም ጎረቤቶች እንዲህ ቢሆኑ ኖሮ፣ ማለትም ትንሹም መንጋጋ በሰፊው የተሞላ ወይም የነርቭ ሕክምና የተደረገለት ቢሆን ኖሮ፣ ምርጫችን ያለ ማመንታት ብሪጅ ይሆን ነበር። ክራውን የሚያስፈልጋቸውን ጥርሶች ክራውን አልብሶ በዚያው ክፍተቱን መዝጋት ብልህ ሥራ ነው፤ ቀዶ ሕክምና የለውም፤ በሁለት ሳምንት ያልቃል።

እዚህ ግን ትንሹ መንጋጋ ጤነኛ ነው። ለብሪጅ ሲዘጋጅ ከላይ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ከዙሪያው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሞረዳል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥርስ ሙሉ ክራውን ሲለብስ ከድድ በላይ ካለው አካሉ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚደርሰው ይሄዳል። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አያድግም። ከተሞረዱት ጥርሶች መካከል የተወሰኑት ከዓመታት በኋላ ነርቫቸው ይሞታል፤ ያኔ ክራውኑ ተበስቶ የነርቭ ሕክምና ይደረጋል። በዚህ ላይ የኋለኛው ጥርስ ጋድሟል። ብሪጅ አንድ ወጥ ነገር ስለሆነ በሁለቱም ጥርሶች ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚወርደው፤ የጋደመውን ከቀናው ጋር ለማስማማት ከጋደመው የፊት ገጽ ተጨማሪ መሞረድ ይኖራል። እዚያ ደግሞ ነርቩ ቅርብ ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ ያጋደለ ጥርስ ላይ ብሪጅ ባይታሰብ ይሻላል፤ የእሷ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ቁጥሩስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ጥናቶችን ደምሮ የታተመ ግምገማ ከአሥር ዓመት በኋላ አፍ ውስጥ የቆዩትን ሲቆጥር የተለመደው ብሪጅ 89.2 በመቶ፣ በኢምፕላንት ላይ የተተከለ ነጠላ ክራውን 89.4 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። «ኢምፕላንት ዕድሜ ልክ ነው፣ ብሪጅ ግን ይበላሻል» የሚለው ወሬ ከዚህ ጋር አይገጥምም። ልዩነቱ ሲበላሹ የሚወስዱት ነገር ላይ ነው። ብሪጅ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ተሸካሚው ጥርስ ከክራውኑ ሥር ተበልቶ ነው፤ አንድ ጎድሎ የነበረው ሁለት ይጎድላል፤ ቀጣዩ ብሪጅ ይረዝማል። ኢምፕላንት ሲበላሽ ዙሪያው ያለው አጥንት ይሄዳል፤ ጎረቤት ጥርሶች ግን እንዳሉ ይቆያሉ። በ37 ዓመት ዕድሜ ላይ የመጀመሪያውን ሥራ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛውንም ማሰብ ግድ ነው።

ኢምፕላንት በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚጠመዘዝ የታይታኒየም ሥር ነው። ታይታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር እንደሚጣበቅ ያስተዋለው ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያው ታካሚ ጎስታ ላርሰን አራት ኢምፕላንት በታችኛው መንጋጋው ተተከሉለት፤ በ2006 እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ተጠቅሞባቸዋል። ይህ ጥሩ ውጤት ነው፤ ለሁሉም የሚሰጥ ዋስትና ግን አይደለም።

ልኬቱ ሲታይ የእሷ አጥንት ይበቃል። በኢምፕላንቱና በጎረቤት ጥርስ መካከል በየጎኑ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ በጉንጭና በምላስ በኩል ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር አጥንት መቅረት አለበት፤ ከነርቩ ቦይ ደግሞ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መራቅ። በ6.3 ሚሊ ሜትር ስፋት 4.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ተመረጠ፤ ከነርቩ 4 ሚሊ ሜትር ርቀት ይቀራል። ለመንጋጋ 4.8 ሚሊ ሜትር ይመረጥ ነበር፤ አጥንቱ ግን አይችልም፤ አጥንት የሌለው ጎን ላይ ወፍራም ኢምፕላንት ማስገባት ከዓመት በኋላ ብረቱን በድዱ በኩል ማሳየት ነው።

የቀረው ችግር ከላይ የወረደው መንጋጋ ነው። ከድዱ እስከዚያ ጥርስ ያለው ከፍታ 5.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። በሲሚንቶ የሚለጠፍ ክራውን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ አጭር ቦታ ላይ ሲሚንቶው የሚይዝበት ቁመት ስለሌለ ክራውኑ ይወልቃል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ የላይኛው ጥርስ ጫፍ በሽፋኑ (በጠንካራው የውጭ ንብርብር፣ በኢናሜሉ) ውስጥ ብቻ 1 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ ተለሰለሰ፤ ክራውኑም በሲሚንቶ ሳይሆን በብሎን የሚታሰር እንዲሆን ተወሰነ። በብሎን የሚታሰረው ሌላም ጥቅም አለው። ሲሚንቶ ድድ ሥር ሾልኮ ሲቀር በራጅ ላይታይ ይችላል፤ ድዱን እያቆሰለ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ አጥንት ይበላል።

የፊተኛው ክፍተት፦ ለምን ኢምፕላንት አልሆነም

እዚህ የሰዎች ግምት ይገለበጣል። «ከኋላ ኢምፕላንት ካደረግሽ ከፊትማ የግድ ነው» ተብላ ነበር። አጥንቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀጭኑ 3.3 ሚሊ ሜትር ኢምፕላንት እንኳ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ሚሊ ሜትር አጥንት አያገኝም። አጥንት መጨመር ይቻላል፤ ግን ከአራት እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል፣ ከዚያ ኢምፕላንቱ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ወራት። በጎን በኩልም ያለው ቦታ 6.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 3.3 ከሁለት ጊዜ 1.5 ጋር ሲደመር 6.3 ይሆናል፤ አይገባም። ቢገባም ከጎረቤት ጥርሶች ሥር ጋር ይጠጋጋል፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው የድድ ጫፍ ይወርድና ጥቁር ክፍተት ይተዋል። ከፊት ደግሞ ይህ ይታያል።

ሙሉ ብሪጅ ሁለት ጤነኛ የፊት ጥርሶችን ይሞርዳል፤ መሃለኛውን የፊት ጥርስና ክራንቻውን። ክራንቻ በአፍ ውስጥ ረጅሙ ሥር ያለው፣ ጎን ለጎን ስናኝክ ሸክሙን የሚችል ጥርስ ነው። ጤነኛ ክራንቻ መሞረድ የሚያስፈልገው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ሌላ መንገድ ነበር፦ ባለ አንድ ክንፍ የሚለጠፍ ብሪጅ። የጎደለው ጥርስ ከዚርኮኒያ (ነጭና በጣም ጠንካራ ሴራሚክ) ተሠርቶ ከአንድ ጎኑ ቀጭን ክንፍ ይወጣለታል፤ ክንፉ በአንድ ጎረቤት ጥርስ ጀርባ ላይ በሬዚን ሲሚንቶ ይለጠፋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በብረት ክንፍ ይሠራ ነበር፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዓይነት ተስፋፋ። ስሙን ያበላሸው ሁለት ክንፍ የነበረው ነው። ሁለት የፊት ጥርሶች ስናኝክ እኩል አይንቀሳቀሱም፤ አንዱ ክንፍ ይላቀቃል፤ ሌላው ስለያዘው ታካሚው አያውቅም፤ በተላቀቀው ክንፍ ሥር ምግብ ይገባና ጥርሱ በድብቅ ይበላል። በዚያው የ2007 ግምገማ የሚለጠፉት ብሪጆች ከአሥር ዓመት በኋላ የቆሙት 65 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድ ክንፍ ሲሆን ተሸካሚው ጥርስና ክንፉ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ከተላቀቀም ወዲያው ይወድቃል፤ ሳይታወቅ የሚበላ ነገር የለም። በጀርመን ኪል ዩኒቨርሲቲ ማቲያስ ከርንና ባልደረቦቹ በዚርኮኒያ አንድ ክንፍ ሠርተው ለፊት ጥርሶች በአሥር ዓመት 98.2 በመቶ ቆይተው አግኝተዋል። ይህ ግን አለጣጠፉ እንደ እነሱ ጥንቅቅ ሲል ነው።

ክንፉ በየትኛው ጥርስ ላይ ይሁን? መንጋጋዋን ወደ ቀኝ ስታንሸራትት ሸክሙ ሁሉ ክራንቻው ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ መሃለኛው የፊት ጥርስ ተመረጠ። የታችኞቹ ጥርሶች ከጀርባው 0.4 ሚሊ ሜትር ክፍት ይተዋሉ፤ ክንፉ ቢያንስ 0.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይፈልጋል። ቀሪው 0.3 ከጥርሱ ሽፋን ተሞረደ፤ ከሽፋኑ ስላላለፈ ማደንዘዣ እንኳ አላስፈለገም።

ፍሎራይዱ ሥጋት ነበር። በፍሎራይድ የተጎዳ ሽፋን የላይኛው ንብርብር አሲድ አይቀበልም፤ በተለመደው ጊዜ ቢቀባ ሲሚንቶው የሚነክስበት ሻካራ ገጽ አያገኝም። የእሷ ጉዳት መካከለኛ ነው፤ ሽፋኑ አልተቦረቦረም። በጣም ተቦርቡሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ምርጫ አናቀርብላትም ነበር።

ቡናማውስ

ነጭ ጥርስ መፈለጓ ተራ ነገር አይደለም፤ የክፍተቱን ያህል ያሳፈራት እሱ ነው። ግን ቡናማ ቀለምን ለመሸፈን ጤነኛ ጥርስ መሞረድ መድኃኒቱ ከበሽታው ይብሳል። አሥር በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ (ጥርስ ማንጫ) በልኳ በተሠራ ቀጭን ማስገቢያ ለ14 ሌሊት እንድትጠቀም ተደረገ። ይህ የጊዜ ሰሌዳውን ሁሉ ይወስናል፤ ምክንያቱም ጥርስ ከነጣ በኋላ ቀለሙ እስኪረጋ፣ ሽፋኑ ውስጥ የቀረው ኦክስጅንም እስኪወጣ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አለበት። ቶሎ ከተለጠፈ ሲሚንቶው በደንብ አይጠነክርም። አዲስ ጥርስ ደግሞ አይነጣም፤ ስለዚህ የማንጣቱ ሥራ ምንጊዜም ቀድሞ ነው የሚሠራው። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ክራውኑ ከገባ በኋላ ነው።

ስድስቱ ሳምንት

በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ድዷ ታጠበ፤ የኋለኛው መንጋጋ አሮጌ ሙሌት ወጥቶ የተበላው ተጠረገና በአዲስ ተሞላ። የጋደመው ጥርስ የፊት ግድግዳ ሲሞላ ቀጥ ተደርጎ ተሠራ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን የጋደመ ግድግዳ አጠገብ የሚቀመጥ ክራውን ከሥሩ ሦስት ማዕዘን ዋሻ ይተውና ጤፍም ሥጋም እዚያ ይወሸቃል።

በስድስተኛው ቀን ኢምፕላንቱ ተተከለ። ከሁሉ ቀድሞ የተደረገው ክትትል የሚፈልገው እሱ ስለሆነ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት 2 ግራም አሞክሲሲሊን ወሰደች። መሰርሰሪያው ከ2.2 ወደ 2.8፣ ከዚያ ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር እየሰፋ፣ በቀዝቃዛ የጨው ውኃ እየታጠበ፣ እየተነሣ እየገባ ነው የሚሠራው። አጥንት ለአንድ ደቂቃ 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሞቀ ይጎዳል፤ የደነዘ መሰርሰሪያና ተጭኖ መሰርሰር ኢምፕላንት ሳይጣበቅ ከሚቀርባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ኢምፕላንቱ በ35 ኒውተን ሴንቲ ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ) ጥብቀት ቆመ። በላዩ የድድ ማዳኛ ክዳን ታሰረ፤ ከተተከለ በዘጠነኛው ቀን ስፌቱ ወጣ። አፍ መጉመጥመጫ ክሎረሄክሲዲን ለአሥር ቀን ብቻ ታዘዘ፤ ከዚያ ካለፈ ጥርስ ያጠቁራል፤ እሷ ደግሞ ልታነጣ ነው።

ማንጣቱ እስከ 24ኛው ቀን ሄደ። ቀጥሎ ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ መጠበቅ ነበር። ከባዱ ይህ ነው፤ እጇ ላይ የአውሮፕላን ትኬት ይዛ «ምንም አታድርጊ» መባል። በመካከሉ የጥርሱ ቅርጽ በስካን ተወስዶ ቴክኒሻኑ ክንፉን አስቀድሞ ሠራ፤ የቀረው ቀለሙ ብቻ ነበር። በ38ኛው ቀን ቀለም ተመረጠ፤ ጠዋት፣ በመስኮት ብርሃን፣ ጥርሱ ከመድረቁ በፊት። ጥርስ አፍ ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ይነጣል፤ ያኔ የተመረጠ ቀለም ማታ ከሌሎቹ ነጥቶ ይታያል። ቡናማው ወደ ክሬም ተለውጧል፤ ነጭ ነጠብጣቦቹ ግን አሉ። ቴክኒሻኑ በአዲሱ ጥርስ ጫፍ አጠገብ ሁለት ነጭ ነጠብጣብ በቀጭን ብሩሽ አስቀመጠ፤ አንዱን ከመሃል ትንሽ ወደ ክራንቻው አስጠግቶ። ጎረቤቶቹ ነጠብጣብ ይዘው እሱ ብቻ ንጹሕ ቢሆን ከሩቅ «ሰው ሠራሽ ነኝ» ይል ነበር።

በ40ኛው ቀን ተለጠፈ። አለጣጠፉ ላይ መቸኮል ሁሉንም ያበላሻል። ጥርሱ ተለክቶ ሲታይ ምራቅ ይነካዋል፤ ምራቅ የነካው ዚርኮኒያ ሲሚንቶ አይዝም፤ በፎስፎሪክ አሲድ ማጠብም ያባብሰዋል እንጂ አያጸዳውም። ስለዚህ ከልኬቱ በኋላ የክንፉ ውስጥ ገጽ በ50 ማይክሮን የአልሙና ዱቄት፣ በዝቅተኛ ግፊት ተነፋ፤ ወዲያው ኤምዲፒ (ዚርኮኒያን ከሲሚንቶ ጋር የሚያያይዝ ኬሚካል) ያለበት ፕራይመር፣ ማለትም ከሲሚንቶው በፊት የሚቀባ ፈሳሽ፣ ተቀባ። ጥርሷ በጎማ ተከልሎ ጀርባው ቀለል ባለ ዱቄት ተነፋና 37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ60 ሰከንድ ተቀመጠበት፤ ለጤነኛ ሽፋን የሚበቃው 30 ሰከንድ ነበር። ታጥቦ ሲደርቅ ገጹ እንደ በረዶ ነጭ ሆነ። እንዲያ ካልሆነ ሲሚንቶ መቀባት ከንቱ ነው። በመጨረሻ ንክሻው ተፈተሸ፦ አፏን ስትገጥም ጥርሱ ቀለል ብሎ ይነካል፤ ወደ ጎን ስታንሸራትት ጨርሶ አይነካም።

የሸንኮራ አገር ልጅ ናትና አንድ ነገር በግልጽ ተነገራት፦ ሸንኮራ በዚያ ጥርስ አይላጥም፤ የለስላሳ ክዳንም በየትኛውም ጥርስ አይከፈትም። የሽንብራ ቆሎ በቀኝ መንጋጋ ይታኘካል።

ይዛው የሄደችው ወረቀት

ከአገር ወጥታ ለምትኖር ታካሚ ይህ ከጥርሱ እኩል ያስፈልጋል። በዓለም ላይ ያሉት የኢምፕላንት ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ የአንዱ ብሎን መፍቻ ለሌላው አይገባም። ወረቀቱ ላይ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ 4.1 በ10፣ የምርት ቁጥሩ ከማሸጊያው ላይ የተላጠው ተለጣፊ እንዳለ፣ የተተከለበት ቀን፣ የጥብቀቱ መጠን፣ የክዳኑ ቁመትና የሚፈታበት መፍቻ ዓይነት ተጽፏል። ለፊቱ ጥርስ ደግሞ «ዚርኮኒያ፣ አንድ ክንፍ፣ ከተላቀቀ ተነፍቶ ፕራይመር ተቀብቶ ይለጠፍ፤ አይጣል፤ በሌላ ጥርስ አይተካ» ተባለ። የሲቲው ምስልም በስልኳ ተላከላት።

የሌሊት ማቆያም ተሠራላት፤ ቀጭን ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ ኢምፕላንቱ ክራውን እስኪለብስ ድረስ ከላይ ያለው መንጋጋ እንዳይወርድ፣ የጋደመውም ይበልጥ እንዳያጋድል።

ስለ ዋጋ ስትጠይቅ አንድ ነገር ልብ እንድትል ተነገራት። ብሪጅ የሚከፈለው በክራውን ቁጥር ነው፤ አንድ ጥርስ ለመተካት የሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ዕቅድ የስድስት ክራውን ዋጋ ነበር። ኢምፕላንቱና ክራውኑ፣ ሙሌቱ፣ ባለ ክንፉ ጥርስና ማንጣቱ ሲደመሩ ከዚያ አልበለጡም። ዕቃው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ የኢምፕላንቱ ክራውን ዋጋም በዚያው ቀን በጽሑፍ ተይዞላታል፤ በሌላ ዕረፍት ስትመለስ የምንዛሪው ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል።

ስትመለስ

የተመለሰችው ከ13 ወር በኋላ ነው። የታችኛው መንጋጋ አጥንት ከኢምፕላንት ጋር ለመጣበቅ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ይበቃዋል፤ መቆየቱ በራሱ አይጎዳም። ሁለት ነገር ግን ሆኗል። ከሄደች በሁለተኛው ወር ክዳኑ ላልቶ መጥፎ ሽታ አምጥቶባት ነበር። ዱባይ ያገኘችው ሐኪም ወረቀቱን አይቶ ትክክለኛውን መፍቻ አውጥቶ፣ ውስጡን አጥቦ በእጅ ጥብቀት አሰረው፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ወረቀቱ ባይኖር መጀመሪያ ዓይነቱን ማወቅ ነበር፤ ክዳን ላልቶ በቆየ ቁጥር ድድ በላዩ ያድግና እንደገና መቆረጥ ይመጣል።

ሁለተኛው፣ የሌሊት ማቆያውን ያደረገችው አምስት ወር ብቻ ነው። ክፍተቱ ከ8.6 ወደ 8.3 ሚሊ ሜትር ጠቧል። ክራውኑ ትንሽ ጠበብ ብሎ ተሠራ፤ አልከፋም። ሁለት ሚሊ ሜትር ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ግን ጥርሱን በብሬስ (ጥርስ በሚያቃና ሽቦ) ቀና ማድረግ ይመጣ ነበር።

ራጁ በኢምፕላንቱ ዙሪያ አጥንቱ እንዳለ አሳየ። የኢምፕላንቱ አቀማመጥ በስካን ተወሰደ፤ በስድስተኛው ቀን አንድ ወጥ የዚርኮኒያ ክራውን በታይታኒየም መሠረት ላይ መጣ። ብሎኑ በ35 ኒውተን ሴንቲ ሜትር ታሰረ፤ አሥር ደቂቃ ተጠብቆ በዚያው መጠን እንደገና ታሰረ፤ ብሎን መጀመሪያ ከታሰረ በኋላ ጥቂት ይላላልና። ቀዳዳው በቴፍሎን ጥቅልል ተሞልቶ በላዩ ሙሌት ተደረገ፤ አንድ ቀን መፍታት ቢያስፈልግ ብሎኑ እንዲገኝ።

የፊቱ ጥርስ እንደተለጠፈ ነው። ከሥሩ ያለው ድድ ቀላ ብሎ ነበር፤ በጥርስ ክር ከሥሩ አላጸዳችም፤ መፋቂያ እዚያ አይደርስም። ክሩ በክንፉ በኩል ስለማያልፍ ከክራንቻው በኩል ገብቶ ከጥርሱ ሥር ወዲያ ወዲህ ይሳባል፤ መስታወት ይዛ ሦስት ጊዜ ሠርታ አሳየች።

አዲሱ ክራውን ላይ የሚጠበቅ አንድ ነገር አለ። ተፈጥሯዊ ጥርስ በዕድሜ ልክ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ኢምፕላንት ግን ከአጥንት ጋር ስለተጣበቀ ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በክራውኑና ከፊቱ ባለው ትንሹ መንጋጋ መካከል ያለው መነካካት ሊላላና ሥጋ ሊወሸቅበት ይችላል። ያኔ ክራውኑ ተፈትቶ በዚያ ጎኑ ይጨመርበታል፤ ተፈትቶ የሚታሰር መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ወረቀቷ ላይ በአዲስ መስመር የብሎኑ ጥብቀት፣ የክራውኑ ቀን፣ ከዓመት በኋላ የሚነሣው ራጅ ተጨመረ፤ ከሥሩም «ክሩ ሳይይዝ ካለፈ ይታይ» ተብሎ ተጻፈ።